የድንጋይ ሽበት፦ የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ግንብና በላዩ የሚበቅሉት ረቂቃን ተሕዋስያን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የሚገኝ የድንጋይ ግንብ ልብሱን ለውጦ ይታያል። በግንቦት ግራጫ የነበረው ገጽ አረንጓዴ ይለብሳል። ፀሐይ በማያገኘው በኩል እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነገር ያቆጠቁጣል፤ ፀሐይ በሚመታው በኩል ደግሞ ነጭ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ክብ ክብ ነጠብጣቦች ተለጥፈው ይታያሉ። ይህን ያየ አንዱ ምእመን የዕድሜው ምስክር ነው ብሎ ይደሰታል። ሌላው ቤተ እግዚአብሔር ቆሸሸ ብሎ ያዝናል፤ በቅን ልቡናም ውኃና ብሩሽ ይዞ ለጽዳት ይነሣል።

ውድ ምእመናን፣ በዚህ ጽሑፍ በግንቡ ላይ የሚበቅለው ምን እንደሆነ፣ ድንጋዩን እንዴት እንደሚጎዳና እኛ ልጆቿ ምን ማድረግ እንደሚገባን እንመለከታለን። ጉዳዩ የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ለውጡን አስቀድሞ የሚያየው በየዕለቱ በግንቡ ሥር የሚያልፈው ካህን፣ ዲያቆን፣ የአብነት ተማሪና የደጀ ሰላም ጠባቂ ነውና።

የእመቤታችን አዳራሽ

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም በእነብሴ ሣር ምድር ወረዳ፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ የምትገኝ ጥንታዊት ደብር ናት። «መርጡል» በግእዝ አዳራሽ፣ ድንኳን፣ እልፍኝ ማለት ሲሆን፣ ስሟም የማርያም አዳራሽ ተብሎ ይተረጐማል። አባቶቻችን እንዳስተማሩን ቦታዋ በዘመነ ኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩት ከአክሱም፣ ከተድባበ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋር ይቆጠራል፤ በአብርሃ ወአጽብሐ ዘመንም ቤተ ክርስቲያን ታንጾባታል።

በቅጥሯ ውስጥ ቆሞ የሚታየው የጥርብ ድንጋይ ግንብ ፍራሽ ረዥም ታሪክ አለው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩትና በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ለሀገር መካሪ ሆነው የኖሩት እቴጌ እሌኒ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ ገደማ በዚህ ስፍራ እጅግ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሳንጸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እቴጌዪቱ በጎጃም ስላሠሯት ቤተ ክርስቲያንና በወርቅ ስላጌጠው መሠዊያዋ ጽፏል። ያ ውበት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በደረሰው ጦርነት ጠፋ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በፍርስራሹ ላይ መልሰው ሠርተውበት ነበር፤ እርሱም አልጸናም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ቦታውን ያገኘው ፍራሽ ሆኖ ነበር፤ ስለዚያም ጽፎ አሳትሟል።

እንግዲህ ይህ ግንብ ከእሳትና ከሰይፍ የተረፈ ነው። በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ሐረግና ጌጥ የዚያን ዘመን ጠራቢዎች የመሮ ምት እስከ ዛሬ ይዟል። ዛሬ ግን ጣሪያ የሌለው ግንብ በየክረምቱ የሚያገኘው ጠላት ድምፅ የለውም፤ በዓይንም በግልጥ አይታይም።

ኦሪት ስለ ግድግዳ ደዌ ምን ታስተምረናለች?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ግድግዳ ሕመም የሚናገርበት ቦታ እንዳለ ብዙዎቻችን አናስተውልም። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ከቁጥር 33 ጀምሮ እግዚአብሔር ለሙሴና ለአሮን በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ ሥርዓት ሰጥቷቸዋል። ምልክቱ በግድግዳው ላይ ጎድጎድ ብሎ የሚታይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ነው።

ይህ ደዌ ዛሬ ሳይንስ ከሚያውቀው ሻጋታ ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም። የምንማረው ከሥርዓቱ ቅደም ተከተል ነው። ባለቤቱ ምልክቱን ሲያይ ራሱ ግድግዳውን መፋቅ አልተፈቀደለትም፤ ወደ ካህኑ ሄዶ ያየውን ይናገራል። ካህኑ ይመጣል፣ ይመረምራል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ይጠብቃል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ደዌው ሰፍቶ እንደሆነ ያያል። የተበከሉት ድንጋዮች የሚወጡት፣ ግድግዳው የሚፋቀውና በአዲስ ጭቃ የሚመረገው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መናገር፣ ከዚያ መመርመርና መታገሥ፣ በመጨረሻ መሥራት ማለት ነው።

ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊያድስ በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያ በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን ቅጥር መርምሯል (ነህ. 2፥11-16)። ሕዝቡን ለሥራ የጠራው ያየውን ካየ በኋላ ነው። ይህ ትዕግሥት በመርጡለ ማርያም ግንብ ፊት ለቆምን ለእኛም ያስፈልገናል።

በግንቡ ላይ የሚበቅለው ምንድን ነው?

በድንጋይ ላይ የሚኖሩት ተሕዋስያን ብዙ ወገን ናቸው። ቀድመው የሚሰፍሩት በዓይን የማይታዩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ሳያኖባክቴሪያ የተባሉት እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ስለዚህ በባዶ ድንጋይ ላይ ርጥበትና ብርሃን ካገኙ ይበቃቸዋል። ሲደርቁ ጠቁረው እንደ ሞቱ ይመስላሉ፤ ዝናም ሲነካቸው ግን በአጭር ጊዜ ሕይወት ይዘራሉ። ቀጥሎ አረንጓዴው ዋቅላሚ ወይም አልጌ ይመጣል። ፈንገስ ደግሞ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከአቧራ፣ ከወፍ ኩስና ከሞቱት ተሕዋስያን ያገኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ሕዝባችን «ሽበት» ብሎ የሚጠራው ነው። በዛፍ ላይ ሲሆን የዛፍ ሽበት፣ በድንጋይ ላይ ሲሆን የድንጋይ ሽበት እንለዋለን። አንድ ፍጥረት ይምሰል እንጂ ፈንገስና ዋቅላሚ (ወይም ሳያኖባክቴሪያ) ተስማምተው የሚኖሩበት ማኅበር ነው። ፈንገሱ ቤት ሆኖ ርጥበት ይይዛል፤ ሌላው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። በድንጋይ ላይ የሚለጠፉት ዓይነቶች እጅግ በዝግታ ያድጋሉ፤ ብዙዎቹ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ስለዚህ የመዳፍ ያህል የሰፋ ሽበት ያለበት ድንጋይ ለአያሌ ዓመታት እጅ ሳይነካው የቆየ ነው። አዋቂዎች የሽበቱን ስፋት ለክተው ድንጋዩ ለአየር ከተጋለጠ ስንት ዘመን እንደሆነው ይገምታሉ።

እነዚህ በሰበሰቡት አቧራና አፈር ላይ ደግሞ ሣርና ልዩ ልዩ ቡቃያ ይከተላል። በመጨረሻ ወፎች የጣሉት የዋርካ ወይም የሾላ ዘር በስንጥቁ ውስጥ ይበቅላል። ሥሩ በወፈረ ቁጥር በጥርብ ድንጋዮች መካከል ያለውን መጋጠሚያ እየከፈተ ይሄዳል።

ድንጋዩ እንዴት ይጎዳል?

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይደርሳል። የመጀመሪያው በአሲድ ነው። ሽበትና ፈንገስ ኦክሳሊክ የተባለውንና ሌሎችንም አሲዶች ያመነጫሉ። እነዚህ በድንጋዩ ውስጥ ያሉትን ማዕድናት ቀስ በቀስ ያሟሟሉ። በተለይ ኖራ በቀላሉ ይሸነፋል፤ ጥንታውያን ግንበኞች ደግሞ ድንጋይን ከድንጋይ ያጋጠሙት በኖራ በሆነበት ሁሉ መጀመሪያ የሚላላው መጋጠሚያው ነው።

ሁለተኛው በመግባት ነው። የፈንገሱ ክሮች ከፀጉር ይልቅ የቀጠኑ ስለሆኑ በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ይገባሉ። ዝናም ሲያገኙ ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ደጋግመው ሲያብጡና ሲኮማተሩ የድንጋዩን የላይኛ ገጽ እንደ ቅርፊት ያላቅቁታል። የቅርጹ ጌጥ ያለው በዚያው የላይኛ ገጽ ላይ ነው። ግንቡ ለሌላ መቶ ዓመት ቆሞ ሳለ ጌጡ ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው በርጥበት ነው። ባክቴሪያና ዋቅላሚ ራሳቸውን የሚሸፍኑበት የሚያሟልጭ ነገር ውኃን እንደ ስፖንጅ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በአንድ ቀን ልታደርቀው ትችል የነበረው ግድግዳ ለብዙ ቀን ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ከመሬት በውኃ የተሳበው ጨውም ወደ ገጹ ወጥቶ ሲደርቅ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ሽበት ጠላት ነው ማለት አይደለም። በአንዳንድ ድንጋይ ላይ ያለው ሽፋን የዝናሙን ምትና የፀሐዩን ግለት እንደሚያበርድ ተመራማሪዎች አስተውለዋል። በአንዱ ግንብ የሚጎዳው በሌላው ሊከላከል ይችላል። ዝም ብሎ ከመፋቅ በፊት መመርመር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

ቀለሙ ምልክት ነው፤ ደዌው ውኃው ነው

ሐኪም የበሽተኛን ትኩሳት አይቶ ምንጩን እንደሚፈልግ ሁሉ፣ በግንብ ላይ የሚታየውን ቀለምም የውኃውን መንገድ ለማወቅ ልንጠቀምበት እንችላለን። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ቦታ የማይደርቅ ቦታ ነው፤ ከሥሩ አፈር ተከምሮበት ወይም ውኃ አቁሮበት ሊሆን ይችላል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ዝናሙ የሚፈስበትን ቦይ ያሳያል። በፀሐይ በኩል ያሉት ቢጫና ነጭ ክቦች የዝግታና የደረቅ ቦታ ሽበቶች ናቸው። ጣት ሲነካው የሚፈረፍርና በውኃ የሚሟሟ ነጭ ዱቄት ግን ሕይወት ያለው ሳይሆን ጨው ነው።

የላሊበላ ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ሲፈለፈሉ የዝናሙ ውኃ የሚወጣባቸው ቦዮች አብረው ተቆፍረውላቸዋል። አባቶቻችን ውኃ የድንጋይ ጠላት መሆኑን ያውቁ ነበር። በኋላ ግን እነዚያ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተሞልተው ቆዩ፤ የተጠረጉትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚህ መካከል ርጥበቱ በሕንፃዎቹ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል፤ ተመራማሪዎችም በላሊበላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ሽበትና ሌሎች ተሕዋስያን ከርጥበቱ ጋር ተባብረው ገጹን እንደሚያደክሙ አሳይተዋል። አንድ አካፋ አፈር ከቦይ ውስጥ በየዓመቱ ማውጣት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው አስተውሉ።

በቅን ልቡና የሚደርስ ጉዳት

ወገኖቻችን ሆይ፣ ጥንታዊ ግንብ በጠላት እጅ ብቻ አይጠፋም። በወዳጅ እጅም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በላሊበላ የተደረገ ጥገና የአንዳንዶቹን አብያተ ክርስቲያናት ገጽ ሬንጅነት ባለው ነገርና በቀይ ቀለም ሸፍኖ ነበር። ዝናም እንዳይገባ ታስቦ የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት የተሰማራው የጥገና ቡድን ከሥራዎቹ አንዱ ያን ሽፋን ማስወገድ ነበር። በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተደረጉ ጥገናዎች ከግንቡ ጠባይ ጋር ስላልተስማሙ፣ በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ ተክተዋል። ኖራ ርጥበትን ያሳልፋል። ሲሚንቶ ግን ውኃውን ከውስጥ አፍኖ ስለሚይዘው ውኃው መውጫ ፍለጋ በድንጋዩ በኩል ይመጣል፤ ድንጋዩንም ይዞ ይረግፋል።

በመድኃኒት መቸኮልም አደጋ አለው። በፈረንሳይ ሀገር የሚገኘው የላስኮ ዋሻ በውስጡ የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኝቶ በ1948 ለጎብኚዎች ተከፈተ። የሕዝቡ ትንፋሽና የመብራቱ ብርሃን በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚ ስላመጣ በ1963 ተዘጋ። በ2001 ደግሞ ነጭ ፈንገስ ተነሣበት። ተሕዋስያንን የሚገድል መድኃኒት ቢረጭበትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥቁር ነጠብጣብ ታየበት። ብዙ ገንዘብና ብዙ ሊቃውንት ያላት ሀገር በአንድ ዋሻ ይህን ያህል ከተቸገረች፣ እኛ በበረኪናና በሽቦ ብሩሽ ልንፈታው አንችልም።

በረኪና ለጊዜው አረንጓዴውን ያነጣዋል፤ ነገር ግን በድንጋዩ ውስጥ ጨው ጥሎ ይሄዳል። የሽቦ ብሩሽ ሽበቱን ሲያነሣ ክሮቹ የያዙትን የድንጋይ ቅንጣት አብሮ ያነሣል። ዋርካ በስንጥቅ ውስጥ ሥሩን ካወፈረ በኋላ በጉልበት መንቀል ድንጋዩን ከነቦታው ያወጣዋል። ጠራቢው ለወራት የደከመበትን ሐረግ አንድ ቀን የጽዳት ዘመቻ ሊያጠፋው ይችላል፤ የተፋቀውንም ጌጥ ወደ ቦታው የሚመልስ ጥበብ የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመርጡለ ማርያምም ሆነ በሌሎች ጥንታውያን ገዳማትና አድባራት ሰበካ ጉባኤው፣ ካህናቱና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያለ ብዙ ወጪ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ በከባድ ዝናም ጊዜና ዝናሙ እንዳባራ ግንቡን ዞሮ ውኃው የት እንደሚወርድና የት እንደሚቆም ማየት ነው። በግንቡ ሥር የተከማቸን አፈርና ቅጠል ድንጋይ ሳያንቀሳቅሱ በጥንቃቄ ማንሣት፣ የቆዩ ቦዮችን መጥረግና ውኃው ከግንቡ እንዲርቅ ማድረግ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። በቁፋሮ ጊዜ የተቀረጸ ድንጋይ ወይም የጥንት ዕቃ ከታየ ግን ሥራውን አቁሞ ለሚመለከተው ማሳወቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ቡቃያ ገና ለጋ ሳለ ከሥሩ ላይ በመቁረጥ እንዳያድግ መከታተል ነው። የወፈረውን ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል። ይህ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ደን መመንጠር ማለት አይደለም። የጎጃምና የጎንደር አድባራት ያቆዩልን ደን ራሱ ቅርስ ነው፤ መገረዝ የሚያስፈልገው ግንቡን የሚነካው ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቦታ ቆሞ ግንቡን ፎቶግራፍ ማንሣትና ከነቀኑ በደብሩ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። መጠኑ እንዲታወቅ ከድንጋዩ አጠገብ ማስመሪያ ይያዝ። ካህኑ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ደዌው ሰፍቶ እንደሆነ ያየው የመጀመሪያውን ስለሚያስታውስ ነው። እኛም የአምናው ሥዕል ከሌለን የዘንድሮውን ልንመዝነው አንችልም።

አራተኛ፣ ከመፋቅ፣ ከማጠብ፣ ከመለሰንና ቀለም ከመቀባት በፊት በሀገረ ስብከቱ በኩል ባለሙያ መጠየቅ ነው። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ይህን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ጥበቃ ልናየው ይገባል። በኦሪትም ባለቤቱ ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት ወደ ካህኑ እንዲሄድ ታዝዞ ነበርና።

አምስተኛ፣ ለጥገና የሚሰጥ ምጽዋት ለሚታይ ነገር ብቻ አይዋል። ንጉሡ ኢዮአስ ቤተ መቅደሱን ሲያድስ በሣጥን የተሰበሰበው ገንዘብ ለእንጨት ሠሪዎች፣ ለግንበኞችና ለድንጋይ ወቃሪዎች ተከፍሏል (2ኛ ነገ. 12)። አዲስ ቀለም ለዓይን ያምራል፤ የተጠረገ ቦይ ግን ማንም አያመሰግንበትም። ግንቡን የሚያቆመው ግን ቦዩ ነው።

ማጠቃለያ

ሽበት በአረጋዊ ራስ ላይ ክብር ነው፤ በአረጋዊ ግንብ ላይም እንዲሁ ጠላት ብለን ልንቸኩልበት አይገባም። ግን ሽበት ያለውን አባት ልጆቹ በዝናም ውስጥ ቆሞ እንዲያድር አይተዉትም፤ ልብሱን አስተካክለው፣ ደረቅ ቦታ ፈልገው ያኖሩታል። የመርጡለ ማርያም ግንብም ከእኛ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እቴጌ እሌኒ ያሳነጹትን መልሰን ማነጽ አንችል ይሆናል፤ የተረፈውን ግን በየክረምቱ ውኃውን ከሥሩ እየመለስን ለልጆቻችን ማድረስ እንችላለን።

በመጪው ሰኔ የመጀመሪያው ዝናም ከመውረዱ በፊት እያንዳንዳችን ወደ ደብራችን ሄደን ግንቡን እንዙር፤ የአባቶቻችን ቦይ የት እንደነበረም እንጠይቅ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ፣ የቅዱሳን አባቶቻችን በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።